ያውቁ ኖሯል? የማርሚታ ፍንዳታ መነሻው የኤሌክትሪክ ብልሽት ሊሆን ይችላል

ኤቲቪ በሚባለው ባለአራት ጎማ ሞተር ላይ የነዳጅ መስጫው ሲለቀቅ ከማርሚታው የሚሰማው ፍንዳታ፣ በሲሊንደሩ ውስጥ ሳይቃጠል የወጣ ነዳጅ በጋለው የጭስ ማውጫ ውስጥ አየር አግኝቶ ሲቀጣጠል የሚፈጠር ነው።

ከተለመዱት መንስኤዎች አንዱ የድብልቅ መሳሳት፣ ማለትም የአየሩ መጠን ከነዳጁ አንጻር ከሚገባው በላይ መብዛት ሲሆን፣ ይህም የካርቡሬተሩ ቀጭን የነዳጅ ቀዳዳ በቆሻሻ ሲደፈን ወይም የአየር ማስገቢያው ጎማ ሲሰነጠቅ ይከሰታል፤ የማርሚታው መጋጠሚያ ሲላላም ከውጭ የሚገባው አየር ፍንዳታውን ያባብሰዋል።

ሌላው መንስኤ የብልጭታ መቆራረጥ ነው፤ ካንዴላው ሲያረጅ፣ ወይም ዝቅተኛውን ቮልቴጅ ወደ ብዙ ሺህ ቮልት የሚያሳድገው ኮይል ሲደክም፣ ነዳጁ ሳይቃጠል ወደ ጭስ ማውጫው ያልፋል።

የኤሌክትሪክ ብልሽትን ለመለየት ሞተሩ ጠፍቶ ባትሪው ሲለካ፣ ሙሉ ኃይል ያለው ባለ 12 ቮልት የእርሳስ አሲድ ባትሪ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል፤ ሞተሩ ከሥራ ፈት ፍጥነት ከፍ ብሎ ሲሠራ ደግሞ ልኬቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ13.5 እስከ 14.5 ቮልት ይደርሳል። ከዚህ በታች ከቀረ ኃይል አመንጪው ስታተር፣ ሬጉሌተሩ ወይም ሽቦዎቹ መፈተሽ ሲኖርባቸው፣ ከ15 ቮልት ካለፈ በአመዛኙ ቮልቴጁን የሚገድበው ሬጉሌተር ተበላሽቷል ማለት ነው።

ስለዚህ ውድ መለዋወጫ ከመግዛት በፊት የባትሪውን ራሶችና ከሻሲው ጋር የሚታሰረውን ሽቦ ከዝገት ማጽዳትና ማጥበቅ ይገባል፤ የተቃጠለ ፊውዝም ምንጊዜም በተመሳሳይ አምፔር ብቻ ይተካ።