ጨው የማይችሉ ወላጆች፥ ጨው የሚችል ዲቃላ

አንድ ተክል በጨዋማ ረግረግ ቢያድግ፥ ኑሮውን ለምዶት ነው ወይስ በዘር አግኝቶት? ለዚህ ጥያቄ በአሜሪካ በኒው ሜክሲኮና በምዕራብ ቴክሳስ ጨዋማ ምንጮች ዙሪያ የሚበቅለውን ሄሊያንቱስ ፓራዶክሱስ የተባለውን የሱፍ አበባ እንመልከት። ይህ ተክል ከሁለት የሱፍ ዓይነቶች የተዳቀለ ነው፤ ከወላጆቹ አንዱ የሸክላ አፈር፥ ሌላው አሸዋ ይስማማዋል እንጂ ጨውን ሁለቱም አይችሉትም። ተአምር ግን አይደለም። በ2003 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት ወላጆቹ እንደገና ተዳቅለው ዘሮቻቸው በዚያው ረግረግ ተተከሉ። ጭቃው አንድ ሲሆን፥ ሶዲየምን ከቅጠላቸው ያራቁት በረቱ፥ የቀሩት ደከሙ፤ ልዩነቱም ከታወቁ የክሮሞሶም ክፍሎች ጋር ተያይዞ ተገኘ። እያንዳንዱ ወላጅ የሚጠቅምም የሚጎዳም ጂን አለውና፥ ጠቃሚዎቹን ከሁለቱም ያከማቸ ልጅ ሁለቱንም ይበልጣል። ይኸው ተክል፥ ረግረጎቹ ውሃ እያጡ በመሄዳቸው፥ በ1999 እ.ኤ.አ. ህልውናቸው ከሚያሰጋ ዕፅዋት መካከል ተመዘገበ።