የኢታንግ አናጢና የጣውላው ክምር

በባሮ ወንዝ ዳር የምትገኘው ኢታንግ ስሟ በመንግሥታት ውል ላይ ከተጻፈ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗታል። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር በተዋዋሉት ውል፣ የሱዳን አስተዳደር በኢታንግ አቅራቢያ ከ400 ሔክታር የማይበልጥ የንግድ ጣቢያ እንዲከራይ ተፈቅዶለት ነበር። ጣቢያው በመጨረሻ የቆመው ጋምቤላ ላይ ነው። ኢታንግ ግን ገበያው ድንገት ሲሞላና ድንገት ሲጎድል አይታለች። በ1970ዎቹ እጅግ ብዙ የደቡብ ሱዳን ስደተኞች ሰፍረውባት ሳለ፣ በ1983 ዓ.ም. ግንቦት ሰፈሩ ባዶ ቀረ፤ በ2006 ዓ.ም. ደግሞ የኩሌና የቲርኪዲ መጠለያዎች በአጠገቧ ተከፈቱ።

እንግዲህ በእንዲህ ያለ ስፍራ ቤት እየሠራ፣ በርና መስኮት እየገጠመ፣ ቁም ሣጥን እያበጀ ለመኖር የሚነሣ ወጣት ምን ያስፈልገዋል? ብዙ ሰው «ገንዘብ» ይላል። እኔ በበኩሌ አስቀድሞ ደረቅ እንጨት ያስፈልገዋል እላለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጣውላ ውሃ ሲጠጣም ሆነ ሲደርቅ ርዝመቱ ብዙም አይለወጥም፤ ወርዱ ግን ያብጣል፣ ይኰማተራል። ከደጋ በእርጥቡ የወረደ ጣውላ በዚያ የቆላ ሐሩር ወዲያው በር ቢሆን፣ በበጋው ተሰንጥቆ በስንጥቁ ፀሐይ ይገባል። በበጋ እጅግ ደርቆ ልክክ ተደርጎ የተገጠመው በር ደግሞ ክረምት ሲመጣ አብጦ አልዘጋ ይላል። ስለዚህ ብልህ አናጢ ጣውላውን ከመሬት አንሥቶ፣ በየመካከሉ ቀጫጭን እንጨት እየሰደረ፣ በጥላ ሥር ነፋስ እየመታው ለወራት ያቆየዋል። የበሩን መካከለኛ ሰሌዳም በዙሪያው ባለው ቦይ ውስጥ ያስገባዋል እንጂ በሙጫ አያጣብቀውም፤ መተንፈሻ ይሻልና።

የቆርቆሮ ጣራ ደግሞ ችግሩን ያብሰዋል። ከሥሩ ያለው ቁም ሣጥን ቀኑን ሙሉ ሲጠበስ ይውላል። የአኝዋሃና የኑዌር ጎጆ ሠሪዎች ሣር የሚከድኑት ቆርቆሮ ስላጡ ብቻ የሚመስለው ሰው፣ እኩለ ቀን ላይ በሁለቱም ቤት ገብቶ ይቀመጥና ይፍረድ።

ውሃውም አለ። በ2014 ዓ.ም. ክረምት ባሮ ሞልቶ ኢታንግን ጨምሮ ብዙ ወረዳዎችን አጥለቅልቆ ነበር። ቺፑድ አንድ ጊዜ ውሃ ከጠጣ ቢደርቅም ወደ ቀድሞ መልኩ አይመለስም። በዚያ አገር ቁም ሣጥን ከፍ ባለ እግር ላይ ቢቆም፣ እግሩም ድፍን እንጨት ቢሆን ይመረጣል።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንምጣ። ክምሩ ለወራት የተኛ ገንዘብ ነው፤ ብዙውን አናጢ የሚያስቸኩለውም ይኸው ነው። ከ100 ብር ሥራ 60ው ለእንጨት፣ ለማጠፊያና ለቁልፍ፣ 25ቱ ለሠራተኛ ወጣ እንበል። የቀረው 15 ብር ነው፤ ኪራይና ትራንስፖርት ገና አልተነሣም። ከአምስት በሮች አንዱ ተበላሽቶ እንደገና ቢሠራ፣ ያ አንድ በር ብቻውን 17 ብር ይፈጃል። ትርፉም አለቀ፣ ሁለት ብርም ዕዳ ገባ። በዚህ ጊዜ አናጢው የአዲሱን ደንበኛ ቀብድ አንሥቶ የአሮጌውን በር ይጠግንበታል፤ የአዲሱን ደግሞ ከሚቀጥለው ሰው በሚቀበለው ቀብድ ይሠራል። ትእዛዝ እስከ መጣ ድረስ ይህ አይታወቅበትም። የመጠለያ ሥራ ሲቆም፣ ገበያውም ሲቀዘቅዝ ግን ባለቀብዶቹ ሁሉ በአንድ ቀን ደጁ ላይ ይቆማሉ። ስለዚህ ቀብድ በተለየ ደብተርና በተለየ ሣጥን ይቀመጥ፤ በሩ ተገጥሞ እስኪዘጋ ድረስ የአናጢው ገንዘብ አይደለምና።

ለመሥሪያ ቤቱ ጠረጴዛ ሊያዝዝ የሚሄድ ወጣት ሹምም ዋጋ ከመጠየቁ በፊት ወደ ጓሮ ዞሮ የጣውላውን ክምር ይመልከት። የታችኛው ጣውላ አቧራ ለብሶ ካገኘው ቀብዱን ይክፈል።