የተበተነውን ዜማ መሰብሰብ

አንድ ዘፈን ብቻውን ተወልዶ፣ ብቻውን ወደ ገበያ ወጥቶ፣ ብቻውንም በሰው ጆሮ ካደረ በኋላ፣ ዓመታት ሲያልፉ በተለያየ ጊዜ ከወጡት መሰሎቹ ጋራ በአንድ አልበም ተሰብስቦ እንደገና መውጣቱ በሙዚቃው ዓለም የተለመደ ነገር ነው። ይህን ዓይነቱን ሥራ ብዙ ሰው የነጋዴ ብልሃት ብቻ አድርጎ ይገምተዋል፤ አሮጌውን ዕቃ በአዲስ መጠቅለያ ሁለተኛ ጊዜ መሸጥ ይመስለዋልና። ዳሩ ግን ነገሩን በአስተውሎት የሚመረምር ሰው፣ ዘፈኑን ከደረሰውና ካቀነቀነው ቀጥሎ ሰብሳቢውም የራሱ ድርሻ ያለው ባለሙያ እንደ ሆነ ይገባዋል፤ የትኛው ገብቶ የትኛው እንደሚቀር፣ የትኛው ቀድሞ የትኛው እንደሚከተል የሚወስነው እርሱ ስለ ሆነ፣ መጪው ትውልድ ያለፈውን ዘመን የሚያስታውሰው በሰብሳቢው ምርጫ መጠን ነው።

ልማዱ እጅግ ከተስፋፋባቸው አገሮች አንዲቱ ጃፓን ናት። በዚያ አንድ የሮክ ባንድ ሙሉ አልበም እስኪያሰናዳ ድረስ አድማጮቹን በነጠላ ዜማ ሲያቆያቸው ይከርማል፤ ነጠላ ዜማዎቹም በዝተው በሕዝብ ዘንድ ከታወቁ በኋላ ባንዱ ከአሳታሚው ጋራ ሆኖ የተወደዱትን ይመርጥና በአንድነት ያወጣቸዋል። ከሃኮዳቴ ከተማ የተነሣው ግሌይ የተባለው አራት አባላት ያሉት ባንድ በ1997 እ.ኤ.አ. «ሪቪው» በሚል ስም ያወጣው ስብስብ ከ4 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ሲሸጥ፣ በተከታዩ ዓመት ደግሞ ድምፃዊው ኮሺ ኢናባና ጊታር ተጫዋቹ ታክ ማትሱሞቶ የተጣመሩበት ቢዝ «ፕሌዠር» በተባለው ስብስቡ የ5 ሚሊዮንን ወሰን አልፏል። በዚያ አገር የዘፈኑ ባለቤትና ሰብሳቢው አንድ ወገን ናቸው፤ የመጀመሪያው ቅጂ በአሳታሚው ማኅደር ይገኛል፤ ማን መቼ እንደ ተጫወተውም ተመዝግቦ ይኖራል። በእኛ አገር ግን ነጠላ ዜማዎቹን የወለዷቸው ሌሎች፣ የበተናቸው የዘመን ማዕበል፣ የሰበሰባቸውም ከባሕር ማዶ የመጣ እንግዳ በመሆኑ፣ የመሰብሰብ ጥቅሙም ጉድለቱም ከጃፓኑ ይልቅ በእኛው ታሪክ ጎልቶ ይታያል።

ነጠላ ዜማ የሚወጣበት ትንሹ ሸክላ በ1949 እ.ኤ.አ. አርሲኤ ቪክተር የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ለገበያ ያቀረበው፣ ወርዱ 18 ሳንቲ ሜትር ያህል የሆነና በደቂቃ 45 ጊዜ የሚሽከረከር ነው። በአንዱ ገጹ አንድ ዘፈን፣ በሌላው ገጹ ሌላ ዘፈን ይቀረጽበታል፤ እያንዳንዱም ገጽ የሚይዘው ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። ስለዚህ በሠርግ ዳስ ወይም በጠጅ ቤት የአድማጩን ስሜት እየተከተለ ዜማውን እንደ ልቡ ሲያረዝም የኖረ ድምፃዊ፣ ወደ ሸክላ በመጣ ጊዜ መግቢያውን ማሳጠር፣ አዝማቹን ቶሎ ማድረስ፣ የመሣሪያዎቹንም ተራ አስቀድሞ መወሰን ግድ ሆነበት። የሸክላው ጠባብነት ታላቅ ባለሥልጣን ሆኖ ዘፈኑን ቀረጸው ቢባል ከእውነት መራቅ አይሆንም፤ አቀናባሪ የሚባለውም ባለሙያ ክብር ያገኘው በዚሁ ምክንያት ነው።

በኢትዮጵያ ለዚህ ጥበብ መሠረቱ ቀደም ብሎ ተጥሎ ነበር። አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን በ1924 እ.ኤ.አ. ከኢየሩሳሌም ካስመጧቸው አርባ የአርመን ልጆች ጋራ የመጡት ኬቮርክ ናልባንዲያን፣ የጎጃሙ ሊቅ ዮፍታሔ ንጉሤ ለጻፉት የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት መዝሙር ዜማውን ደረሱ፤ የወንድማቸው ልጅ ኔርሴስ ናልባንዲያንም በኋላ ብዙ የኦርኬስትራ ባለሙያዎችን አሠለጠኑ። ከዚህ የተነሣ የክብር ዘበኛ፣ የፖሊስና የጦር ሠራዊት ኦርኬስትራዎች፣ በ1955 እ.ኤ.አ. ከተከፈተው ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ጋራ፣ የአገሪቱን ምርጥ ድምፃውያን ይዘው ነበር። ሸክላን በሚመለከት ግን በ1948 እ.ኤ.አ. የወጣው ትእዛዝ ከውጭ የማስመጣቱንም የማሳተሙንም መብት ለአገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ስለ ሰጠ፣ በአዲስ አበባ የምሽት ክበቦች በየሌሊቱ የሚፈልቀው አዲስ ዜማ ወደ ሸክላ ሳይገባ በየአዳራሹ ይቀር ነበር።

ይህን አጥር የጣሱት አቶ ዐምሃ እሸቴ ናቸው። የሙዚቃ መደብር የነበራቸው እኒህ ወጣት በ1969 እ.ኤ.አ. በስማቸው የሚጠራውን ዐምሃ ሬከርድስን አቋቁመው፣ ዓለማየሁ እሸቴ ያቀነቀኗቸውን «ትማርኪያለሽ»ንና «ያ ታራ»ን በአንድ ሸክላ ግራና ቀኝ አስቀርጸው በህንድ አገር አሳተሙ። የተፈራውም ቅጣት ሳይመጣ ሸክላው ገበያ አገኘ፤ ከዚያም በኋላ እስከ 1975 እ.ኤ.አ. ድረስ በነበረው ጊዜ ዐምሃ ሬከርድስ 103 ነጠላ ሸክላዎችንና 12 ትልልቅ ሸክላዎችን ለሕዝብ አቀረበ። መንገዱ ከተከፈተ ወዲህ ፊሊፕስም፣ አሊ ታንጎ በሚል ስም የሚታወቁት የአቶ አሊ አብደላ ካይፋ ድርጅት ካይፋ ሬከርድስም በዚሁ ሥራ ተሰማሩ፤ እስከ 1978 እ.ኤ.አ. በአገሪቱ የወጡት ሸክላዎች በጠቅላላው ወደ 500 የሚጠጉ ትንንሾችና 30 ያህል ትልልቆች እንደ ሆኑ ይገመታል።

የእነዚህ ዘፈኖች ጠባይ ከሁለት ምንጭ የተቀዳ ነው። ዓለማየሁ እሸቴ የአሜሪካንን የሮክና የሶል አዘፋፈን ከነ ውዝዋዜው ለአማርኛ ግጥም አስገዝተው «የኢትዮጵያ ኤልቪስ» ሲባሉ፣ ፒያኖ ተጫዋቹ ግርማ በየነና ሙላቱ አስታጥቄ በቅንብራቸው የትዝታን፣ የባቲን፣ የአምባሰልንና የአንቺ ሆዬን ቅኝቶች ከናስ መሣሪያዎችና ከኤሌክትሪክ ጊታር ጋራ አስማሙ። በመርካቶ ተወልደው ጫማ በመጥረግ ኑሮን የጀመሩት፣ በአሪዞና ክበብም ሲላላኩ አንድ ምሽት የመድረክ ዕድል አግኝተው ክብር ዘበኛ የገቡት ማሕሙድ አሕመድ ደግሞ፣ ከአይቤክስ ባንድ ጋራ በ1975 እ.ኤ.አ. ለካይፋ በሠሩት «እሬ መላ መላ» ቺክቺካ የተባለውን የጭፈራ ምት ወደ ረቀቀ ሐዘንና ናፍቆት መለሱት። የሳክስፎኑ ሊቅ ጌታቸው መኩሪያ ግን ከሁሉ ወደ ኋላ ሄደው፣ አርበኛ በጦር ሜዳ የሚያሰማውን ሽለላ ያለ ቃል በሳክስፎን ብቻ በማስተጋባት፣ በ1972 እ.ኤ.አ. በፊሊፕስ በወጣው ሸክላቸው የጥንቱ የጀግና ድምፅ በዘመናዊ መሣሪያ ሊያድር እንደሚችል አስመሰከሩ። ጥር 23 ቀን በእንጅባራ ሜዳ ላይ የአገው ፈረሰኞች በፉከራና በሽለላ ሲጋልቡ ያየ ሰው፣ ያንን ሳክስፎን ቢያሰሙት ምን ለማለት እንደ ፈለገ የሚተረጕምለት አያሻውም።

ወርቃማ የተባለው ጊዜ ግን ብዙ አልቆየም። በ1974 እ.ኤ.አ. አብዮቱ ፈንድቶ ሰዓት እላፊ ሲታወጅ የምሽት ክበቡ ሕይወት ተቋረጠ፤ ሌሊት የማይጫወት ባንድም እንጀራውን አጣ። አቶ ዐምሃ በ1975 እ.ኤ.አ. ወደ አሜሪካ ተሰደዱ፤ በዋጋ ርካሽ የሆነውና ማንም በቤቱ ሊያባዛው የሚችለው ካሴትም ሸክላን ከገበያ አስወጣው። ሸክላዎቹ ከየባለቤቶቻቸው ጋራ ተበተኑ፤ አንዳንዱ በስደተኛ ሻንጣ ተጓዘ፣ አንዳንዱ በጓዳ አቧራ ለበሰ፣ አንዳንዱም በመርፌ ተፍቆ ድምፁ ደከመ። ዘፈኑ በሕዝብ አንደበት ቢኖርም፣ ዘፈኑን በምሉዕነት የያዘው ዕቃ ከዓመት ወደ ዓመት እየሳሳ ሄደ።

የመሰብሰቡ ሥራ የተጀመረው በድንገተኛ አጋጣሚ ነው። ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባሉ ፈረንሳዊ በ1984 እ.ኤ.አ. አንድ ወዳጃቸው ከኢትዮጵያ ይዞት የመጣውን የማሕሙድ አሕመድ ሸክላ ሰምተው እጅግ ስለ ተደነቁ፣ በተከታዩ ዓመት ራሳቸው አዲስ አበባ ድረስ መጡ። በ1986 እ.ኤ.አ. ክራምድ ዲስክስ የተባለው የቤልጅግ አሳታሚ «እሬ መላ መላ»ን ለአውሮፓ አድማጭ አቀረበ፤ ከዚያም ፋልሴቶ ከቡዳ ሙዚክ ጋራ «ኢትዮፒክስ» የተባለውን ተከታታይ ስብስብ ማሳተም ጀመሩ። ጃፓናውያን ባንዶች ስብስባቸውን በሚሊዮን በሚሸጡባቸው በእነዚያው የ1990ዎቹ የመጨረሻ ዓመታት፣ የእኛም ነጠላ ዜማዎች ከተበተኑበት ተጠርተው በየተራቸው ወደ ሲዲ መግባት ጀመሩ። የመጀመሪያው ክፍል የዐምሃ ሬከርድስን ነጠላዎች ይዞ ሲወጣ፣ አራተኛው ለሙላቱ፣ ሰባተኛው ለማሕሙድ፣ ዘጠነኛው ለዓለማየሁ፣ አሥረኛው ለትዝታ ዜማዎች፣ ዐሥራ ሦስተኛው ለካይፋ፣ ዐሥራ አራተኛው ለጌታቸው መኩሪያ ተሰጠ። ቍጥሩም በ2017 እ.ኤ.አ. ግርማ በየነ ከፈረንሳዩ አካሌ ውቤ ባንድ ጋራ በሠሩት አልበም 30 ደረሰ።

ፍሬውም በዓለም ታየ። በ2005 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው የፊልም ደራሲ ጂም ጃርሙሽ የሙላቱን ዜማዎች «ብሮክን ፍላወርስ» በተባለው ፊልሙ ሲያስገባ የኢትዮጵያን ስም ከሙዚቃ ጋራ አያይዘው የማያውቁ ሰዎች ዜማዎቹን ፈለጓቸው፤ በ2006 እ.ኤ.አ. ዘ ኤክስ የተባለው የሆላንድ የሮክ ባንድ ከጌታቸው መኩሪያ ጋራ «ሞዓ አንበሳ»ን ቀረጸ፤ በ2007 እ.ኤ.አ. ማሕሙድ አሕመድ የቢቢሲ ሬዲዮ 3 የዓለም ሙዚቃ ሽልማትን ተቀበሉ። የመጀመሪያውን ሸክላ ያሳተሙት አቶ ዐምሃና ያቀነቀኑት ዓለማየሁ ሁለቱም በ2021 እ.ኤ.አ. ሲያርፉ፣ ሥራቸው ከተወለደበት ዘመን ይልቅ በዕረፍታቸው ዘመን በሰፊው ይሰማ ነበር።

ይሁን እንጂ ምስጋናው ምርመራን አይከለክልም። ማሰባሰብ ለእኛ ባዕድ ጥበብ አይደለም፤ የቅዱስ ያሬድ ድጓ ለየበዓሉና ለየሰንበቱ የተሠራውን ዜማ ዮሐንስ፣ አስተምሕሮና ፋሲካ ብሎ በዘመን ከፍሎ ያሰናዳ ታላቅ ስብስብ ነው፤ ዐፄ ገላውዴዎስ በነገሡበት ዘመን የነበሩት አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤልም ምልክቱን በማበጀታቸው፣ የጎጃምና የበጌምድር መርጌቶች ያለ ሸክላና ያለ ካሴት ዜማውን ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር እስካሁን አድርሰውታል። በድጓው ሥርዓት እያንዳንዱ ዜማ የሚቆምበት ቀንና ምክንያት አለው፤ ወጥቶ ቢሰማ እንኳ የየትኛው በዓል እንደ ሆነ ይታወቃል። የሸክላዎቹ ስብስብ በአንጻሩ ዘፈኑን ከተወለደበት ምሽት፣ ከተደነሰበት አዳራሽና ከሌላው ገጹ ነጥሎ፣ ለፓሪስና ለለንደን ጆሮ በሚጥም ቅደም ተከተል አኖረው። ጊዜውን «ወርቃማ ዓመታት» ብሎ ከ1969 እስከ 1975 እ.ኤ.አ. ሲያጥረውም፣ ከአጥሩ በፊትና በኋላ የተሠራው ሁሉ ነሐስ የሆነ መሰለ። ተከታታዩ አዝማሪዎችን፣ የትግርኛን ዘፈን፣ የኮንሶን ዜማና የዓለሙ አጋን በገና ጭምር በማካተቱ ከብዙዎች የተሻለ ሆኖ ሳለ፣ የመነሻው ምሰሶ በአዲስ አበባ የታተመው ሸክላ ስለ ሆነ፣ ሸክላ ያልደረሰበት አገር ድምፅ በስብስቡ ውስጥ ሰፊ ስፍራ አላገኘም።

ለእኛ ለአዊ ሰዎች የነገሩ ቁም ነገር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ እንጅባራና ወደ ዳንግላ በሚዘልቀው ጐዳና የዋና ከተማው ዘፈን በሬዲዮም በካሴትም ሲመጣልን ኖሯል፤ በዚያው ጐዳና ተመልሶ የሄደው የእኛ ዜማ ግን ጥቂት ነው። በሰባት ቤት አገው ምድር በአዊኛ የሚዘፈነው የሠርግ፣ የደቦና የፈረሰኛ ዜማ ብዙ ነው። የዐድዋን ድል ለማሰብ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በሚያከብረው በዓል ላይም ፈረሱና ልብሱ ብቻ ሳይሆን ዜማውም ከአባት ወደ ልጅ ተላልፎ የመጣ ቅርስ ነው። የክልሉ ሬዲዮ በአዊኛ ሲያስተላልፍ የኖረው፣ በየወረዳው የባህል ቡድንም የሚቀዳው ድምፅ ቀላል ሀብት አይደለም።

አሁን ማንም ወጣት በእጁ ስልክ ዘፈን ለመቅዳት ስለሚችል፣ የጐደለው መቅጃ አይደለም፤ የጐደለው ሥርዓት ነው። ፋልሴቶ ከብዙ ዓመታት በኋላ የተበተኑትን ዜማዎች ለይተው ለማሰናዳት የቻሉት፣ በእያንዳንዱ ሸክላ መካከል የድምፃዊው፣ የዘፈኑና የአሳታሚው ስም ታትሞ ስለ ተገኘ ነው፤ አጃቢዎቹ ያልተጻፉበት ሸክላ ግን ተጫዋቾቹን ለማወቅ ገና ሽማግሌ ማስጠየቁ አልቀረም። እንግዲህ ማን እንደ ዘፈነው፣ በየትኛው ቀበሌ፣ በምን ቀን፣ ለምን ጉዳይ፣ ከማንስ እንደ ተማረው አብሮ ያልተጻፈለት ቅጂ በሺህ ቢቈጠር ለነገው ሰብሳቢ ሸክም እንጂ ማኅደር አይሆንለትም። የእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎች፣ የባህል ቢሮው ባለሙያዎችና የፈረሰኞቹ ማኅበር ሽማግሎች ተስማምተው ይህን አምስት ጥያቄ ለእያንዳንዱ ዜማ ቢመልሱ፣ የአዊ ዜማ ስብስብ የሚወጣው በሩቅ ሰው ጣዕም ተመርጦ ሳይሆን፣ እንደ ጃፓኖቹ በባለቤቱ ፈቃድ፣ እንደ ድጓውም በየበዓሉና በየወቅቱ ሥርዓት ተሰድሮ ይሆናል። የሚዘፍኑትን አረጋውያን ዕድሜ የሚጠብቅልን ስለሌለ፣ ሥራው የሚጀመረው በሚመጣው ጥር ሳይሆን ዛሬ ነው።