የስፖርት መኪና ግምገማ ለጣርማ በር መንገድ እንዴት ይነበባል?

ስፖርት መኪና መግዛት የሚያስብ ሰው ዛሬ መረጃ አያጣም። ስለ አንድ መኪና አሜሪካኑም፣ እንግሊዙም፣ ቻይናውም ይጽፋል። ዋሽንግተን ያለው የአክስት ልጅ ደግሞ ያገኘውን ሁሉ ይልካል። ችግሩ የሚመጣው ሲነበብ ነው። አንዱ ባለሙያ "ከዚህ የተሻለ የለም" ያለውን መኪና ሌላው ሦስተኛ ደረጃ ላይ ያስቀምጠዋል። ታዲያ ማንን ይመኑ?

እኔ የምመክረው ፍርዳቸውን ትተው ልኬታቸውን እንዲያወዳድሩ ነው። ፍርዱ የተሰጠው ለጸሐፊው መንገድና ለጸሐፊው ኪስ ነው። ልኬቱ ግን እንዴት እንደተወሰደ ከታወቀ ለኛው ለደብረ ሲናም ይሠራል።

በመጀመሪያ የተፈተነው መኪና የማን እንደነበር ይዩ። አብዛኞቹ መጽሔቶች መኪናውን የሚያገኙት ከአምራቹ በውሰት ነው። አምራቹም ታጥቦ፣ ተፈትሾ፣ እንከን የሌለበትን መርጦ ነው የሚልከው። ጸሐፊው ዋሸ ማለት አይደለም፤ ያየው ግን መኪናውን በሠርጉ ቀን ነው። በ1936 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የተመሠረተው የአሜሪካው ኮንሱመር ሪፖርትስ ከዚህ ይለያል። ማስታወቂያ አይቀበልም፤ የሚፈትነውንም መኪና እንደ ማንኛውም ሰው ከሻጭ በገንዘቡ ይገዛል። ስለዚህም ዝርዝር ውጤቱን ለማየት ይከፈላል።

ካር ኤንድ ድራይቨር የተባለው መጽሔት ደግሞ አንዳንድ መኪኖችን 64,000 ኪሎ ሜትር እስኪሞሉ ይዞ ይነዳል። እንዲህ ያለ የረጅም ጊዜ ፈተና ካገኙ ከሁሉ በፊት እሱን ያንብቡ። ምን እንደተበላሸ፣ ሰርቪሱ ስንት እንደፈጀ፣ ጎማው መቼ እንዳለቀ የሚያገኙት እዚያ ነው።

ቀጥሎ ገዢ ሁሉ ዓይኑን የሚጥልበት ቁጥር አለ። መኪናው ከቆመበት ተነሥቶ 100 ለመድረስ ስንት ሰከንድ ይፈጅበታል? እዚህ ላይ ሁለት ነገር ይጠንቀቁ። አሜሪካኖቹ የሚለኩት እስከ 60 ማይል ነው፤ ይህ 97 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አውሮፓውያኑ ግን እስከ 100 ኪሎ ሜትር ይለካሉ። ሁለተኛው ነገር ከሠንጠረዡ ሥር በደቃቅ ፊደል ይጻፋል። የአሜሪካ መጽሔቶች መኪናው የመጀመሪያዋን 30 ሳንቲ ሜትር የሄደበትን ጊዜ አይቆጥሩም። ይህ ብቻውን ሦስት አሥረኛ ሰከንድ ገደማ ይቀንሳል። ስለዚህ አንዱ 4.0፣ ሌላው 4.5 ቢል መኪናው አንድ ዓይነት ሆኖ ሁለቱም እውነታቸውን ሊሆን ይችላል።

ይህ ቁጥር እንዳለ ተወስዶ ደብረ ሲና ላይ ይሠራል ወይ? አብዛኛውን ጊዜ አይሠራም። ምክንያቱ አየሩ ነው። የቤንዚን ሞተር ነዳጁን የሚያቃጥለው ከአየር ጋር ቀላቅሎ ነው። ከፍታው በጨመረ ቁጥር አየሩ ይሳሳል፤ አየሩ ሲሳሳ ደግሞ ጉልበቱ ይቀንሳል። ደብረ ሲና ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የጣርማ በር ዋሻ ደግሞ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። እዚያ አፋፍ ላይ አንድ ሜትር ኩብ አየር የሚመዝነው ባሕር ዳርቻ ላይ ከሚመዝነው ሩብ ያህል ቀንሶ ነው።

በምሳሌ ላሳይዎት። ማዝዳ ኤም ኤክስ 5 ባለ 2.0 ሊትር ሞተሩ 184 የፈረስ ጉልበት አለው ይባላል። ጣርማ በር ላይ የሚቀረው 135 ያህል ነው። ቶዮታ ጂ አር 86 ባለ 234ቱም ወደ 170 ገደማ ይወርዳል። ሁለቱም ቱርቦ የላቸውም። ቱርቦ ማለት አየሩን ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ ነው። ቱርቦ ያለው መኪና አየሩ ሲሳሳ ጠንክሮ እየጨመቀ ስለሚያካክስ የሚያጣው ጉልበት በጣም ያነሰ ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር ደግሞ አየር ስለማያስፈልገው ከዚህ የተነሣ ምንም አያጣም።

ይህን ግምገማው ውስጥ አያገኙትም። እንዲያውም ካር ኤንድ ድራይቨር የፍጥነት ልኬቱን የሚያትመው በስሌት ወደ ባሕር ጠለል አየር አስተካክሎ ነው። ለአሜሪካ አንባቢ ትክክል ነው፤ እኛን ግን ያሳስተናል። ለኛ የሚቀርበው የቦጎታ ጋዜጠኛ ነው። የኮሎምቢያ ዋና ከተማ ከፍታዋ 2,600 ሜትር ገደማ ሲሆን ከደብረ ሲና ብዙም አይርቅም። ጽሑፉ በስፓንኛ ቢሆንም ስልክዎ ይተረጉመዋል። "ዳገት ላይ ይደክማል" ካለ ይመኑት። ጆሃንስበርግም 1,750 ሜትር ያህል ላይ ስለሆነች የዚያ አገር ጸሐፊዎች ስለ ከፍታ ያነሣሉ።

አሁን እኔ ከፍጥነቱ አስበልጬ ወደማየው ወደ ፍሬኑ እንሂድ። ከጣርማ በር እስከ ሸዋ ሮቢት መንገዱ 1,800 ሜትር ያህል ይወርዳል። ኩርባው ብዙ ነው። ጉም ሲወርድ ከፊትዎ ያለው የጭነት መኪና የሚታየው አጠገቡ ሲደርሱ ነው። ጭላዳም መንገድ ያቋርጣል። እዚህ ቦታ ላይ ፈጥኖ መነሣት ምን ያደርጋል? ማቆም ነው የሚያስፈልገው።

የማቆሚያ ርቀትን ሲያወዳድሩም መነሻ ፍጥነቱን ይዩ። ካር ኤንድ ድራይቨር ከ113 ኪሎ ሜትር፣ ሌሎቹ አሜሪካኖች ከ97፣ አውሮፓውያኑ ከ100 ተነሥተው ይለካሉ። የማቆሚያ ርቀት ከፍጥነቱ አስበልጦ ነው የሚያድገው። ከ113 የተለካውን ለ1.27 ቢያካፍሉት ከ100 የተለካው ምን ያህል እንደሚሆን በግምት ያገኛሉ። ለምሳሌ 48 ሜትር ያለው ወደ 38 ሜትር ይመጣል ማለት ነው። ይህን ሳያደርጉ ሁለት ሠንጠረዥ ጎን ለጎን ቢያዩ ጥሩውን ፍሬን መጥፎ ይሉታል።

ከርቀቱ ሌላ ፍሬኑ ሲደጋገም ይደክማል ወይስ አይደክምም የሚለውን ይፈልጉ። ሸራው ሲግል መያዝ ያቆማል፤ ፔዳሉም እየሰመጠ ይሄዳል። ባለሙያዎቹ ይህን የሚጽፉት መኪናውን በመወዳደሪያ ሜዳ ላይ ደጋግመው ከነዱት በኋላ ነው። ሁለት የማይተዋወቁ ጸሐፊዎች ስለ አንድ መኪና "ፍሬኑ ቶሎ ጋለ" ካሉ ለኔ ያ መኪና ከዝርዝሩ ወጥቷል።

ከመሬት ያለው ከፍታስ? ግምገማዎቹ እዚህ ላይ ዝም ይላሉ፤ መንገዳቸው አስፋልት ነዋ። ማዝዳውና ቶዮታው ከመሬት ያላቸው ከፍታ 13 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ሲል የተባለው የቢ ዋይ ዲ ኤሌክትሪክ መኪና ከፍታ ደግሞ 12 ያህል ነው። ከተማው ውስጥ ፍጥነት መቀነሻው ላይ ቆሎ ሻጮቹ መስኮትዎን ሲያንኳኩ የመኪናው ሆድ አስፋልቱን ሲፍቅ ይሰማል ማለት ነው። ከዋናው መንገድ ወጥተው ኮሮኮንች የሚገቡ ከሆነ ደግሞ ጭራሽ አይሆንም። በዚህ ጉዳይ የህንድ ጋዜጠኞችን ያንብቡ፤ የነሱም መንገድ እንደኛው ፍጥነት መቀነሻና ጉድጓድ ስለሚበዛበት ከፍታውን አይረሱትም።

የትኛውን መኪና ማስገባት ይቻላል የሚለው ምርጫዎን ያጠበዋል። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ከውጭ እንዳይገቡ ከልክሏል። ስለዚህ ማዝዳ ወይም ቶዮታ ስፖርት የሚፈልግ ሰው ያለው ዕድል አስቀድሞ ገብቶ ታርጋ ያወጣ መኪና መግዛት ነው። እነሱም ጥቂት ናቸው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ከ1,800 ሲሲ በላይ የሆነ አዲስ መኪና ላይ 100 በመቶ፣ ያረጀ ያገለገለ መኪና ላይ ደግሞ እስከ 500 በመቶ ይጥል ነበር። ሲሲ የሞተሩ የውስጥ መጠን መለኪያ ነው። ባለቤቱ የከፈለውን ግብር ዋጋው ውስጥ ስለሚያስገባው ውጭ አገር ያነበቡት ዋጋ እዚህ አይረዳዎትም።

አዲስ የሚያስገቡ ከሆነ ያለዎት ኤሌክትሪክ ነው። እውነተኛ ባለ ሁለት መቀመጫ ስፖርት መኪና ከፈለጉ ኤም ጂ ሳይበርስተር አለ። ቤተሰብ የሚጭን ካስፈለገዎት የቢ ዋይ ዲው ሲል ይሻላል። መንግሥት በ2014 ዓ.ም. ኤሌክትሪክ መኪኖችን ከተጨማሪ እሴት፣ ከኤክሳይዝና ከሱር ታክስ ነጻ አድርጎ፣ ተገጣጥመው ለሚገቡት 15 በመቶ የጉምሩክ ቀረጥ ብቻ አስቀርቶ ነበር። በዚያ ተመን መኪናው ከነማጓጓዣውና ከነኢንሹራንሱ 3 ሚሊዮን ብር ካወጣ ቀረጡ 450,000 ብር ነው። የግብር መመሪያ ይለዋወጣልና ቀብድ ከመስጠትዎ በፊት የዕለቱን ተመን ትራንዚተር ይጠይቁ። ትራንዚተር ዕቃዎን ከጉምሩክ የሚያወጣልዎት ወኪል ነው።

የኤሌክትሪክ መኪና ግምገማ ላይ ትልቁ ወጥመድ በአንድ ሙሌት ስንት ኪሎ ሜትር ይሄዳል የሚለው ነው። በአራቱም ጎማ የሚሄደው ሲል ባትሪው 82.5 ኪሎ ዋት ሰዓት ኃይል ይይዛል። በቻይና የመለኪያ ሕግ 650 ኪሎ ሜትር ይሄዳል ተብሏል። በአውሮፓው ሕግ ያው መኪና በያው ባትሪ 520 ነው። የቻይናው ፈተና ቀስ ብሎ የሚነዳ የከተማ መንገድ ይበዛበታል። ሁለት መኪኖች ሲያወዳድሩ አንዱን በቻይና፣ ሌላውን በአውሮፓ ቁጥር እንዳያነጻጽሩ።

እኔ ከአውሮፓውም ቁጥር ሩቡን ቀንሼ ነው የማስበው። ያኔ 390 ኪሎ ሜትር ይቀራል። አዲስ አበባ ደርሶ መልስ 380 ያህል ስለሆነ እጅግ ጠባብ ነው፤ መንገድ ላይ ወይም አዲስ አበባ መሙላት ግድ ይላል። ዳገቱም የራሱን ይወስዳል። ይህ መኪና ሰው ሳይጫንበት 2,185 ኪሎ ይመዝናል። ከሸዋ ሮቢት ተነሥቶ ጣርማ በር ለመውጣት ለከፍታው ብቻ ወደ 11 ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈልጋል። ከባትሪው ስምንት እጅ አንዱ ማለት ነው።

ቁልቁለቱ ላይ ግን መልካም ነገር አለ። እግርዎን ከፍጥነት መስጫ ፔዳሉ ሲያነሡ ሞተሩ እንደ ፍሬን ሆኖ መኪናውን ይይዛል፤ ኤሌክትሪክም እያመነጨ ወደ ባትሪው ይመልሳል። ሸራው ይተርፋል። አንድ ነገር ግን ልብ ይበሉ፤ ባትሪው ሙሉ ከሆነ የሚመለሰውን ኃይል የሚቀበልበት ቦታ ስለሌለው ይህ አያያዝ ይላላል። ደብረ ሲና ቤትዎ አድረው 100 በመቶ ሞልተው ጠዋት ወደ ሮቢት ቢወርዱ አብዛኛው ሥራ በተራ ፍሬኑ ላይ ይወድቃል። 80 በመቶ ላይ ያቁሙት። የለንደን ጸሐፊ ይህን ሊነግርዎት አይችልም፤ ከቤቱ በር የሚጀምር እንዲህ ያለ ቁልቁለት የለውማ።

በቤት መሙላት ስንት ሰዓት ይፈጃል? በተራ ሶኬት 2 ኪሎ ዋት ያህል ስለሚገባ ባዶው ባትሪ ወደ ሁለት ቀን የሚጠጋ ጊዜ ይፈልጋል። 7 ኪሎ ዋት የሚሰጥ መሙያ ካስገጠሙ ግማሽ ቀን ይበቃዋል። ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጠርተው የቤትዎ መስመር ይህን ይችል እንደሆነ መኪናው ሳይመጣ ያስፈትሹ።

ለነዳጅ መኪና ደግሞ ግምገማው ላይ "ከፍተኛ ኦክቴን ያስፈልገዋል" የሚል ዓረፍተ ነገር ይፈልጉ። ኦክቴን ቤንዚኑ ሲጨመቅ ከጊዜው ቀድሞ እንዳይቃጠል የሚያደርገው አቅም ነው። ውጭ አገር ማደያ ላይ ሁለትና ሦስት ዓይነት ቤንዚን ይመረጣል፤ እኛ ጋ ምርጫው የለም። ማዝዳውም ቶዮታውም በጣም የሚጨምቅ ሞተር ነው ያላቸው። ከፍታው ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ጫናው ይቀላል። ሙቀቱ ወዳየለበት ሮቢት ወርደው ዳገቱን ሲመለሱ ግን ሞተሩ ሊያንኳኳ ይችላል።

የጎማውንም ነገር ገና ሲያነቡ ይጻፉት። ሲል ላይ የሚገባው ባለ 19 ኢንች ነው። መርካቶ ደውለው ያ ቁጥር መኖሩንና የአራቱን ዋጋ ይጠይቁ፤ የስፖርት ጎማ ለስላሳ ስለሆነ ቶሎ ያልቃል። ለመለዋወጫም እንዲሁ ሶማሌ ተራን ይጠይቁ። ግምገማው አምስት ኮከብ የሰጠው መኪና የፊት መብራት ጠፍቶለት ሁለት ወር ሊቆም ይችላል።

ይህን ሁሉ ካደረጉ በእጅዎ ሁለት ወይም ሦስት መኪና ይቀራል። ያን ጊዜ ሻጩን ወይም ደላላውን ይዘው፣ የራስዎን መካኒክ ጨምረው መንገድ ይውጡ። ሊብሬው ላይ ያለው የሞተርና የሻንሲ ቁጥር ከመኪናው ጋር መግጠሙን፣ ቦሎው መታደሱን መጀመሪያ ይዩ። ከዚያ ከደብረ ብርሃን ተነሥተው ጣርማ በርን አልፈው እስከ ደብረ ሲና ይውረዱ። የቤንዚኑ ከሆነ በከባድ ማርሽ ይውረዱ። ከተማው መግቢያ ላይ ጥግ ይዘው ያቁሙና ወርደው የፊት ጎማዎቹ አጠገብ ይቁሙ። የተቃጠለ ሸራ ከሸተተ፣ ወይም ፔዳሉ ከላይ ሲነሡ ከነበረው ይልቅ ከሰመጠ፣ ምክንያቱን መካኒኩ እዚያው ይፈልግ። ሻጩ ይህን መንገድ አላስነዳም ካለ ሌላ መኪና ይፈልጉ።