ዲቪ ከደረሰ በኋላ
የአሜሪካ የዲቪ ዕጣ መሠረቱ በ1990 የወጣው የኢሚግሬሽን ሕግ ሲሆን፣ ሥራ ላይ የዋለው ከ1995 የበጀት ዓመት ጀምሮ ነው (ዓመተ ምሕረቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሕጉ በዓመት 55 ሺህ ቪዛ ይመድባል፤ በ1997 ለመካከለኛው አሜሪካ ስደተኞች የወጣ ሌላ ሕግ ግን ከዚያ ላይ እስከ 5 ሺህ ይቀንሳል። ቪዛው በስድስት የዓለም ክፍሎች ይደለደላል፤ አንድ አገር ከ7 በመቶ በላይ አያገኝም። በአምስት ዓመት ውስጥ ከ50 ሺህ በላይ ሰው በሌሎች መንገዶች ወደ አሜሪካ የገባበት አገር ከዕጣው ይወጣል። ናይጄሪያ ከዲቪ 2015 ጀምሮ የቀረችው በዚህ ምክንያት ነው።

ለዲቪ 2025 ወደ 20 ሚሊዮን የሚጠጋ ማመልከቻ ገብቶ የተመረጡት፣ የትዳር ጓደኛና ልጆች ተጨምረው፣ 131 ሺህ ገደማ ነበሩ፤ ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም። ዶክተሩም 12ኛ ክፍል የጨረሰውም በዕጣው እኩል ናቸው። ባልና ሚስት ለየብቻ ቢሞሉ ዕድላቸው በሕጋዊ መንገድ እጥፍ ይሆናል፤ አንድ ሰው ሁለት ጊዜ ከሞላ ግን ይሰረዛል።

ከቪዛው ቁጥር በእጅጉ የሚበልጥ ሰው የሚመረጠው ብዙዎች ሂደቱን ስለማይጨርሱ ነው። ስለዚህ «ዲቪ ደረሰው» የተባለ ሰው ገና ተራ ያዘ እንጂ ቪዛ አላገኘም። ተራውን የሚወስነው ለአፍሪካውያን «ኤኤፍ» ከሚሉት ፊደላት ቀጥሎ የሚመጣው ቁጥር ነው፤ ዝቅተኛ ቁጥር ያለው ቀድሞ ለቃለ መጠይቅ ይጠራል፣ ከፍተኛው ሳይደረስበት ሊቀር ይችላል።

የሚያሳዝነው በቀላል ስህተት የሚባክነው ዕድል ነው። ኢንተርኔት ቤት ቅጹን የሚሞላው ልጅ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ታኅሣሥ 29 ቀን 1990 ዓ.ም. የተወለደን ሰው ጃንዋሪ 7 ቀን 1998 ማለት ሲገባው ዓመቱን ብቻ ቀይሮ ሊያልፍ ይችላል። ሚስቱን ወይም ልጁን ሳያስመዘግብ «ብቻዬን ነኝ» ብሎ የሞላ ሰው ደግሞ በቃለ መጠይቁ ዕለት ይወድቃል። ቅጹ ሲሞላ የሚሰጠውን የማረጋገጫ ቁጥር በሞላው ልጅ እጅ ላይ መተውም አደገኛ ነው፤ ውጤቱን ቀድሞ የሚያየው እሱ ይሆናልና፣ ቁጥሩን ለመስጠት ገንዘብ ወይም የውሸት ጋብቻ የሚጠይቅ አይጠፋም።

ሁሉም ነገር ማለቅ ያለበት የአሜሪካ የበጀት ዓመት በሚያበቃበት ሴፕቴምበር 30፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር መስከረም 20 ገደማ ነው። በ2020 የኮሮና ወረርሽኝና የአሜሪካ መንግሥት የጣለው የቪዛ እገዳ የብዙ ዕድለኞችን ጉዳይ ሲያጓትቱ አመልካቾች ፍርድ ቤት ሄደው ነበር። የዋሺንግተን ዲሲ ፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ2024 በሰጠው ውሳኔ ግን፣ የበጀት ዓመቱ ካለቀ በኋላ ቪዛው እንዲሰጥ ፍርድ ቤት ማዘዝ አይችልም።