ብርቅዬ የጸደይ አበቦች፦ ከተራራው ወደ ጓሮ

እ.ኤ.አ. በ2015 በእንግሊዝ አገር ስኖውድሮፕ የተባለ የጸደይ አበባ አንዲት ኮረት በኢንተርኔት ጨረታ 1,390 ፓውንድ ተሸጠች። ኮረቷ ትንሽ ናት፤ አበባዋም ነጭ ሆኖ ቢጫ ጣል ያለበት ነው። ወሬው ጋዜጣ ላይ ሲወጣ ብዙ ሰው ብርቅዬ ማለት ውድ ማለት ነው ብሎ ደመደመ። ያቺ ስኖውድሮፕ ግን በአዳቃይ እጅ የተገኘች ናት፤ በተባዛች ቁጥር ዋጋዋ እየወረደ ይሄዳል። በዱር ሊጠፉ የደረሱት ኮረቶች አንዳንዴ ከአንድ ምሳ ባነሰ ዋጋ ይሸጣሉ። የጎደላቸው ገዢ ሳይሆን መኖሪያ ነው።

በሰሜኑ የዓለም ክፍል ከየካቲት እስከ ግንቦት የሚፈኩትን ቱሊፖች የሆላንድ ልጆች አድርገን ማየት ለምደናል። ሆላንድ ግን አሳዳጊ እንጂ ወላጅ አይደለችም። ካሮሉስ ክሉሲየስ የተባለው ሐኪምና የዕፅዋት ሊቅ ወደ ላይደን ዩኒቨርሲቲ የመጣው በ1593 ነው፤ በአትክልት ስፍራው የተከላቸው ቱሊፖችም ዘራቸው ከኦቶማን ቱርኮች ግዛት የመጣ ነበር። የዱር ቱሊፕ፣ ክሮከስ፣ ፍሪቲላሪያና ትንንሾቹ አይሪሶች በብዛት የሚገኙት ከቱርክ ተነሥቶ በካውካሰስና በኢራን አልፎ እስከ ፓሚርና ቲየን ሻን ተራሮች በሚዘረጋው ምድር ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ የሴንት ፒተርስበርጉ ኤድዋርድ ሬገል ከመካከለኛው እስያ የሚመጡለትን እንደ ቱሊፓ ግሬጊና ቱሊፓ ካውፍማንያና ያሉ ዝርያዎች እየመረመረ ስም ያወጣላቸው ነበር። ዛሬ በየሱቁ የሚሸጡት አጫጭር ቱሊፖች ብዙዎቹ የእነዚህ ዘሮች ናቸው።

የአትክልተኛው ጣጣ የሚመነጨው ከዚያው አገር አየር ነው። በእነዚያ ተራሮች ክረምቱ በረዶ፣ ጸደዩ አጭርና እርጥብ፣ በጋው ደግሞ ድንጋይ የሚያግል ደረቅ ነው። ተክሉ በረዶው ቀልጦ ውሃ ባለበት በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ቅጠል ያወጣል፣ ያብባል፣ ዘር ያፈራል፤ ከዚያ መሬት ውስጥ ገብቶ ይተኛል። መተኛቱ ግን ሥራ መፍታት አይደለም። ቱሊፕ የከርሞውን አበባ እንቡጥ የሚሠራው በዚያ ሙቀት ውስጥ፣ ከአፈር በታች ሆኖ ነው። እንቡጡ በደንብ ረዝሞ እንዲወጣ ደግሞ ከ12 እስከ 16 ሳምንት ከ9 ዲግሪ በታች የሆነ ቅዝቃዜ ያስፈልገዋል። ስለዚህ ብርቅዬ ኮረት በእንግሊዝ ወይም በሆላንድ ጓሮ የሚሞተው አብዛኛውን ጊዜ በብርድ አይደለም፤ በበጋ ዝናብ በስብሶ ነው።

መፍትሔው ሁሉ በዚህ ዙሪያ ይሽከረከራል። ጠጠርና ደረቅ አሸዋ የበዛበት ከፍ ያለ መደብ ይሠራል፤ ኮረቱ በቁመቱ ሦስት እጥፍ ጥልቀት ይቀበራል፤ ከአበባ በኋላ ቅጠሉ በራሱ ጊዜ እስኪደርቅ አይነካም። እልከኞቹ ዝርያዎች በሸክላ መትከያ ሆነው አሸዋ ውስጥ ይቀበራሉ፤ በበጋ ዝናብ እንዳይነካቸው መስታወት ይከደንባቸዋል። ለንደን የሚገኘው ኪው የዕፅዋት ተቋም በ2006 የከፈተው የዴቪስ አልፓይን ቤትም በትልቁ የሚሠራው ይህንኑ ነው፤ ነፋስ እያስገባ ዝናብ ይከለክላል። ናይትሮጂን የበዛበት ማዳበሪያ ቅጠል ያሳብጣል እንጂ አበባ አይሰጥም፤ የሚሻለው ፖታሽ ነው።

ኮረት በበጋ ደረቅ አፈር ይሻል ከሚለው ሕግ የሚያፈነግጥም አለ። ቱሊፓ ስፕሬንገሪ በ1890ዎቹ ከቱርክ አማስያ አካባቢ ወደ አውሮፓ ተላከ፤ በ1894 ሳይንሳዊ ስም ወጣለት። ዛሬ በተወለደበት ተራራ አንድም አይገኝም። በሰው ጓሮ ግን ከዘመዶቹ ሁሉ ዘግይቶ ደማቅ ቀይ ያብባል፤ በዛፍ ጥላ ሥር ራሱን እየዘራ ይራባል፤ የእንግሊዝን የበጋ ዝናብም ይችላል። የቺሊዋ ሰማያዊ ቴኮፊሊያ ታሪክም ይቀራረባል። በሳንቲያጎ ዙሪያ ካሉ ተራሮች ተቆፍራ ተሸጠች፣ ከብትም ጋጣት፤ ለአሥርተ ዓመታት ከዱር ጠፍታለች ሲባል በአውሮፓ አትክልተኞች መስታወት ቤት ኖረች። በ2001 የዕፅዋት ተመራማሪዎች ከሳንቲያጎ ደቡብ በዱር አገኟት። እነዚህን ሁለቱን ያየ ሰው ኮረት ማሳደግን የሥራ ፈት ጨዋታ ለማለት ይቸገራል።

የኮረት ፍቅር ግን አጥፊም ነው። በ1980ዎቹ ከቱርክ ተራሮች በየዓመቱ በሚሊዮን የሚቆጠር ስኖውድሮፕ እየተቆፈረ በሆላንድ ነጋዴዎች በኩል ለዓለም ይሸጥ ነበር። ዛሬ ስኖውድሮፕ፣ ሳይክላመንና ስተርንበርጊያ ድንበር ሲሻገሩ የዱር ዕፅዋትና እንስሳት ንግድን በሚመለከተው የሳይቲስ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ናቸው። ቁጥጥሩ ይረዳል፤ ገበያውን ያረጋጋው ግን ማባዛት ነው። በሰሜን ምሥራቅ ቱርክ የምትበቅለው ወይን ጠጅና ቢጫዋ ፍሪቲላሪያ ሚካይሎቭስኪ ድሮ የጥቂት ሰብሳቢዎች ሀብት ነበረች። ሆላንዶች በቤተ ሙከራ ካባዟት ወዲህ በተራ መደብር ትገኛለች። ኢ.ቢ. አንደርሰን የተባለው እንግሊዛዊ አትክልተኛ ብርቅዬዋን የጆርጂያ ቢጫ አይሪስ ከቱርክ ሰማያዊ ዘመዷ ጋር አዳቅሎ ያገኛት ካተሪን ሆጅኪንም ዛሬ በርካሽ ትሸጣለች። ቢጫዋ ወላጇ ግን አሁንም በካውካሰስ ተራሮች በአደጋ ላይ ናት።

ለተራ አትክልተኛ ንጹሑ መንገድ ዘር መዝራት ነው። ዘሩ በመጸው ይዘራል፣ ክረምቱን ብርድ ይመታዋል፣ በጸደይ እንደ ሽንኩርት ቡቃያ ቀጭን አንድ ቅጠል ያወጣል። በዚያ ዓመት የሚታየው ይኸው ነው። ክሮከስ በሦስተኛው ዓመት ገደማ ሊያብብ ይችላል፤ ፍሪቲላሪያ አራት አምስት፣ ቱሊፕ ደግሞ ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት ያስጠብቃል። መጠበቁ ትርፍ አለው፤ ቱሊፕን በመስመር የሚያዥጎረጉረውና አፊድ በተባለው ተባይ የሚተላለፈው ቫይረስ በአብዛኛው በዘር አይሄድም። በ1630ዎቹ ሆላንዶችን ያሳበደው የቱሊፕ ዝንጉርጉር ውበት በሽታ ነበር። የብሪታንያው አልፓይን ጋርደን ሶሳይቲ (1929) እና የሰሜን አሜሪካው ሮክ ጋርደን ሶሳይቲ (1934) ለአባሎቻቸው ዘር ያከፋፍላሉ፤ ሱቅ የማይሸጠው ዝርያ የሚገኘውም ከእነሱ ነው።

በዋሽንግተን፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ጓሮ ያላቸው ወገኖቻችን ብርዱ ስላላቸው ዕድለኞች ናቸው። ጠላታቸው ስኩዊረል ነው፤ ቱሊፕንና ክሮከስን ቆፍሮ ይበላል፣ ናርሲስን ግን ይተዋል። ከተከሉ በኋላ በላዩ ላይ የሽቦ ወንፊት መዘርጋት ይበቃል። እስራኤል ያሉት ደግሞ ነታንያ ከተማ ባሕሩ ዳር በተከለለው ስፍራ ጥቁር ሐምራዊውን አይሪስ በክረምቱ ማብቂያ ያዩታል። ሥሩ ኮረት ባይሆንም እንደ ኮረቶቹ በበጋ የሚተኛ ብርቅዬ ነው፤ መቁረጥም መንቀልም ክልክል ነው።

አዲስ አበባ ላይ ቱሊፕ መትከል ግን፣ በእኔ ፍርድ፣ ገንዘብ ማባከን ነው። ሌሊቱ ቢበርድም ቀኑ ስለሚሞቅ ኮረቱ የሚፈልገውን ብርድ አያገኝም። ፍሪጅ ውስጥ ሦስት ወር ቢቀመጥ አንድ ጊዜ ያብባል፤ እዚያም ከፍራፍሬ ጋር ከሆነ ከፍሬው የሚወጣው ኤቲሊን ጋዝ እንቡጡን ይገድለዋል። ደግሞስ የራሳችን ኮረት መች አነሰ? ዝናቡ ሲመጣ ቀይ ሉል የመሰለ አበባ የሚያወጣው ስካዶክሰስ በአገራችን ይበቅላል። ነጭ ሆኖ ጉሮሮው ወይን ጠጅ የሆነው ባለ መዓዛ ግላዲዮለስ ሙሪየላም የኢትዮጵያ ተራሮች ተወላጅ ነው፤ የአውሮፓ ነጋዴዎች አሲዳንቴራ እያሉ በየዓመቱ ይቸበችቡታል።

ኮረት የምትገዙ ሁሉ ሻጩን አንድ ነገር ጠይቁ፦ ይህ ተባዝቶ ያደገ ነው ወይስ ከዱር የተቆፈረ? መልስ ከሌለው አትግዙ።