የሕፃናትን ነፍስ የሚታደግ ዕውቀት የማን ግዴታ ነው?

ቢስሚላሂር ረሕማኒር ረሒም

ሕፃን በሳንባ ምች ትንፋሽ ሲያጥረው፣ ወይም ተቅማጥ አድርቆት ራሱን ሲስት፣ ቤተሰብ ዱዓ እያደረገ ወደ ሕክምና ይሮጣል። ከይፋግ ተነስተን ወደ አዲስ ዘመን ወይም ወደ ደብረ ታቦር፣ ከባሰም እስከ ጎንደርና ባሕር ዳር እንጓዛለን። ግን ውድ አንባብያን፣ እዚያ ልጃችንን የሚቀበለው ሐኪም ከየት እንደሚመጣ ስንቶቻችን አስበናል?

የሕፃን አካል ከአዋቂ ይለያል። የአየር ቧንቧው ጠባብ በመሆኑ በጥቂት እብጠት ይዘጋል፤ መድኃኒቱም በኪሎው ልክ ይሰላል። የደም ግፊቱ ሕመሙ እስኪከፋ ድረስ ደህና መስሎ ይቆይና በድንገት ይወርዳል። ይህን ቀድሞ ለማወቅ ልዩ ትምህርት ያስፈልጋል።

ይህ የሕክምና ዘርፍ ብዙ ዕድሜ የለውም። እ.ኤ.አ. በ1952 በኮፐንሃገን ከተማ ፖሊዮ ሲዛመት፣ ብየርን ኢብሰን የተባሉ ሐኪም በጉሮሮ በገባ ቱቦ አየር በእጅ እየተገፋ ለሕሙማን እንዲሰጥ አደረጉ። 1,500 ያህል ተማሪዎች ቀንና ሌሊት እየተፈራረቁ ይህን ሥራ በመሥራት የብዙዎችን ሕይወት አተረፉ። በ1955 ደግሞ በስዊድን ጎተንበርግ ለሕፃናት ብቻ የተለየ የጽኑ ሕሙማን ክፍል ተከፈተ።

በአገራችን አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕፃናት ድንገተኛና ጽኑ ሕክምናን በንዑስ ስፔሻሊቲ ደረጃ ያስተምራል። መንገዱ ረጅም ነው። ጠቅላላ ሐኪም ለመሆን 6 ዓመትና ከዚያ በላይ፣ የሕፃናት ስፔሻሊስት ለመሆን 3 ዓመት፣ በዚያ ላይ የንዑስ ስፔሻሊቲው ዓመታት ይጨመራሉ። ዛሬ 12ኛ ክፍል የጨረሰ ልጃችን እዚያ የሚደርሰው ከ10 ዓመት በላይ ተምሮ ነው።

ኢማሙ ገዛሊ (ረሒመሁላህ) «ኢሕያእ ዑሉሙዲን» በተሰኘው ኪታባቸው ሕክምናን ከፈርዱል ኪፋያ ቆጥረውታል። በቂ ሰው ካልተማረው ወንጀሉ የሁሉም ይሆናል ማለት ነው። በዘመናቸው ሰዉ ወደ ፊቅህ ክርክር ሲጎርፍ ሕክምናን የሚማር መጥፋቱንም ወቅሰዋል። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል ማኢዳ አንቀጽ 32 አንዲትን ነፍስ ማዳን ሰውን ሁሉ የማዳን ያህል መሆኑን አሳውቆናል።

እኛ መምህራን የምናየው ነገር አለ። በመድረሳ ጎበዝ የሆነ ልጅ ባዮሎጂና ሒሳብ ሲከብደው «ይህ የዱንያ ዕውቀት ነው» ብሎ ይተወዋል። ቤተሰቡም ዝም ይላል። ብልህ ሴት ልጅም በቤትና በገበያ ሥራ ምክንያት ከትምህርቷ ትቀራለች። ግዴታችን ከእጃችን የሚያመልጠው እዚህ ላይ ነው።

ወላጆች ሆይ! የልጆቻችሁን የፊደልም የቁርኣንም ሰዓት ጠብቁላቸው። ባለጸጎችም ለድሃ ተማሪ መጽሐፍና የመጓጓዣ ወጪ መሸፈን ሶደቃ መሆኑን አትርሱ። እስከዚያው ግን ሕፃን መጥባት ወይም መጠጣት ካቃተው፣ የወሰደውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ከተንዘፈዘፈ ወይም ከደነዘዘ፣ ለነገ ሳትሉ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። የቱንም ያህል የተማረ ሐኪም ቢኖር፣ ዘግይቶ ለደረሰ ልጅ ማድረግ የሚችለው ጥቂት ነው።

አላህ ከልጆቻችን መካከል ለዚህ ኸይር ሥራ የሚነሱትን ያብዛልን። ወላሁ አዕለም።